ሳይገፉ መሄድ ይቻላልን? አጸፋ አልባ ስለሚባሉ መሣሪያዎችና ስለ መመዘን ግዴታችን

ማንኛውም ነገር ወደፊት ለመሄድ ሌላ ነገርን ወደኋላ መግፋት አለበት። እግረኛ መሬትን፣ ዋናተኛ ውሃን፣ አውሮፕላን አየርን፣ ሮኬት ደግሞ ከራሱ ሆድ የሚወጣውን የተቃጠለ ጋዝ ወደኋላ ይገፋል። አይዛክ ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 ባሳተመው መጽሐፍ ሦስተኛ ሕግ አድርጎ ያሰፈረው ይህንኑ ነው፤ ኃይል ሁሉ መጠኑ እኩል፣ አቅጣጫው ተቃራኒ የሆነ አጸፋ አለው። ሆኖም ከዚህ ሕግ ውጪ እንሠራለን፣ ምንም ነገር ወደኋላ ሳንገፋ ወደፊት እንሄዳለን የሚባልላቸው መሣሪያዎች በየዘመኑ ብቅ ማለታቸውን አላቋረጡም። በዚህ ጽሑፍ እነዚህን «አጸፋ አልባ» ብለን እንጠራቸዋለን።

ጉዳዩ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ ቢሆን ኖሮ የዚህን መጽሔት ገጽ ባላጣበብንበት ነበር። ነገር ግን ያለ ነዳጅ የሚሠራ ጀነሬተር፣ ያለ ግፊት የሚሄድ ጋሪ ወይም ሳያቋርጥ የሚሽከረከር ጎማ ሠራሁ የሚል ወጣት በአገራችንም ይገኛል። በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ ከተማ በአንድ ብየዳ ቤት ተቀጥሮ ቀን የሰው በርና መስኮት ሲበይድ የሚውል፣ ማታ ደግሞ ለራሱ ሐሳብ ብረት የሚቆርጥ ወጣት እናስብ። ደመወዙን ለሞተርና ለባትሪ አውጥቷል፤ ገጠር ያሉ ወላጆቹም ልጃችን ያልፍለታል ብለው አንድ በሬ ሸጠው ረድተውታል። ይህ ወጣት አንድ ቀን መሣሪያውን በጆንያ ጠቅልሎ ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ወደ ባሕር ዳር ይሳፈርና ከዩኒቨርሲቲ በር ይደርሳል። እኛ መምህራን ምን እንመልስለታለን? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይህ ነው። አቋማችንንም ከወዲሁ እንግለጽ፤ መሳለቅም ሆነ ማጨብጨብ ከግዴታ መሸሽ ነው፤ ለወጣቱ የሚገባው መልስ መሣሪያውን መመዘን ነው።

ሕጉ በቡሬና በፍኖተ ሰላም አንድ ነው

በጣና ሐይቅ ላይ መቅዘፊያ የሌለው ሰው በታንኳ ቆሟል እንበል። ከታንኳው ኋላ ወደ ፊተኛው ጫፍ ቢራመድ ታንኳው በአንጻሩ ወደኋላ ይሸሻል፤ እርሱ ሲቆም ታንኳውም ይቆማል። በታንኳው ውስጥ ድንጋይ ኖሮት ወደኋላ ቢወረውር ግን ወደፊት ይሄዳል፤ ድንጋዩ እስኪያልቅ ድረስ። በፊዚክስ ቋንቋ የመጠነ ቁስና የፍጥነት ብዜት ሞመንተም ይባላል። ከውጭ የመጣ ኃይል እስካልነካቸው ድረስ የታንኳው፣ የሰውየውና የድንጋዮቹ ጠቅላላ ሞመንተም አይጨምርም፤ አይቀንስም። ሰውየው በታንኳው ውስጥ ቢዘልም፣ ቢሽከረከርም፣ ክብደት ቢያወዛውዝም የውስጥ ኃይሎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይጣፋሉ። ጋሪ ላይ ተቀምጦ የጋሪውን ሳንቃ በመግፋት መንገድ የጀመረ ሰው የለም።

ይህ ሕግ የኒውተን የግል አስተያየት ወይም የባዕድ ልማድ አይደለም። ጀርመናዊቷ የሒሳብ ሊቅ ኤሚ ኖተር እ.ኤ.አ. በ1918 እንዳረጋገጠችው፣ የሞመንተም መጠበቅ የሚመነጨው የተፈጥሮ ሕግ ከቦታ ቦታ የማይለዋወጥ ከመሆኑ ነው። በእኛ አነጋገር፣ በቡሬ የሚሠራው የተፈጥሮ ሕግ በፍኖተ ሰላምም ያው ከሆነ ሞመንተም ይጠበቃል። እንግዲህ አጸፋ አልባ መሣሪያ ሠራሁ የሚል ሰው ሳያውቀው እጅግ ትልቅ ነገር እየተናገረ ነው፤ የተፈጥሮ ሕግ በሁለቱ ከተሞች የተለያየ ነው እያለ ነው። እንዲህ ያለ ነገር አይነገር ብለን የሰውን አፍ አንዘጋም። ነገር ግን የሚጠየቀው ማስረጃ ከአባባሉ ክብደት ጋር ሊመጣጠን ይገባል።

ሰፌዱ የሚያስተምረን

እ.ኤ.አ. በ1959 ኖርማን ዲን የተባለ አሜሪካዊ የዙር እንቅስቃሴን ወደ አንድ አቅጣጫ እንቅስቃሴ ይለውጣል ላለው መሣሪያ የፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ ማለትም ፓተንት፣ አገኘ። መሣሪያው በሚሽከረከሩና ሚዛናቸው ባልተስተካከለ ክብደቶች የሚሠራ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ጆን ካምቤል የተባለው የሳይንስ ልቦለድ መጽሔት አዘጋጅ ለሕዝብ በሰፊው አስተዋወቀው። ይሁን እንጂ የዲን መሣሪያ በገለልተኛ ባለሙያዎች እጅ ተፈትኖ አጸፋ አልባነቱ የተረጋገጠበት ጊዜ የለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በቅንነት መነገር አለበት። እንዲህ ያለ መሣሪያ ወለል ላይ ሲቀመጥ በእውነት ሊሄድ ይችላል። ምክንያቱን እናቶቻችን በሰፌድ ያውቁታል። እህል የምታበጥር ሴት ሰፌዱን ወደ አንድ በኩል ቀስ አድርጋ ትወስደዋለች፤ ወደ ሌላው በኩል ደግሞ በድንገት ትነጥቀዋለች። ቀስ ስትል እህሉ በሰበቃ ተይዞ ከሰፌዱ ጋር አብሮ ይሄዳል፤ ስትነጥቀው ግን ሰበቃው አይበቃምና እህሉ ወደኋላ ይቀራል። ይህ ሲደጋገም እህሉ ወደ አንድ ጠርዝ ይሰበሰባል። የዲን ዓይነት መሣሪያም ክብደቱን በአንድ በኩል በዝግታ፣ በሌላው በኩል በድንገት ያወዛውዛል። ዝግተኛውን ግፊት ወለሉ በሰበቃ ይይዘዋል፤ ድንገተኛው ግፊት ግን ሰበቃውን አሸንፎ መሣሪያውን ያንሸራትተዋል። ታዲያ ወደኋላ የተገፋው ማን ነው? ወለሉ ነው፤ በወለሉም በኩል ምድር ናት። ምድር እጅግ ከባድ በመሆኗ መገፋቷ ለዓይን አይታይም እንጂ አጸፋው በቦታው አለ።

በሚዛን ላይ ይታያል የሚባለው «መቅለል»ም ተመሳሳይ ምሥጢር አለው። በገበያ ሚዛን ላይ ቆሞ የሚዘል ልጅ የሚዛኑን መርፌ ከትክክለኛ ክብደቱ በላይም በታችም ያወዛውዘዋል። ዝቅተኛውን ንባብ ብቻ የመዘገበ ሰው ልጁ ቀለለ ብሎ ሊጽፍ ይችላል። የሚንቀጠቀጥ መሣሪያ በአንድ ቅጽበት ንባብ አይመዘንም፤ የሚመዘነው በረጅም ጊዜ አማካይ ነው።

በገመድ አንጠልጥሎ መሞከርም ቢሆን በጥንቃቄ ካልሆነ ያሳስታል። ዥዋዥዌ ላይ የተቀመጠ ልጅ እግሩ መሬት ሳይነካ ራሱን ከፍ እያደረገ ይወዛወዛል፤ የሚረዳውም የገመዱና የቅርንጫፉ አጸፋ ነው። ልጁ የማይችለው ግን አንድ ነገር አለ፤ ገመዱን ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ ሳይወዛወዝ በዚያው መቆየት። እውነተኛ አጸፋ አልባ መሣሪያ ማድረግ የሚጠበቅበት ይህንን ነው። መወዛወዙ ማስረጃ አይሆንም፤ ማስረጃ የሚሆነው ተዘንብሎ መቆየቱ ነው።

በዚህ ፈተና የሚወድቀው ያልተማረ ሰው ብቻ ነው የሚል ቢኖር የኤሪክ ሌይትዌትን ታሪክ ያስታውስ። በለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ ፕሮፌሰር የነበረው ይህ ሰው በሊኒየር ሞተር ሥራው የተከበረ መሐንዲስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 በሮያል ኢንስቲትዩሽን መድረክ ላይ የሚሽከረከር ከባድ ጃይሮስኮፕ አንሥቶ፣ ይህ ነገር የኒውተንን ሕግ የሚጥስ ይመስላል ሲል ባልደረቦቹን አስደነገጠ። ኋላ ግን ጃይሮስኮፕ ለኒውተን ሕግ የሚገዛ መሆኑን ራሱ ተቀብሏል። እጅ የሚሰማው ስሜትና መሣሪያ የሚለካው ቁጥር የተለያዩ መሆናቸውን ከዚህ እንማራለን።

ሠላሳ የጤፍ ፍሬ

በቅርብ ዓመታት ብዙ ያነጋገረው አጸፋ አልባ መሣሪያ ኤም ድራይቭ ይባላል። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ሮጀር ሾየር እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ የሠራበት ይህ መሣሪያ አንደኛው ጫፉ ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ የሆነ የተዘጋ የብረት ጣሳ ነው። በውስጡ በማብሰያ ምድጃዎች ውስጥ የምናውቀው ዓይነት ማይክሮዌቭ ይላካል፤ ሞገዱ ከግድግዳ ግድግዳ ሲንጸባረቅ ጣሳውን ወደ አንድ አቅጣጫ ይገፋዋል ተባለ። ከጣሳው የሚወጣ ምንም ነገር የለም።

የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ናሳ አንድ አነስተኛ ቡድን መሣሪያውን አየር በወጣለት ክፍል ውስጥ ሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2016 ውጤቱን በባለሙያዎች በተገመገመ መጽሔት አወጣ። የተገኘው ግፊት ለ1 ኪሎዋት 1.2 ሚሊኒውተን ነው ተባለ። ሙከራው የተደረገው ከ40 እስከ 80 ዋት ባለው ኃይል ስለነበረ፣ በ80 ዋት የተለካው ግፊት 0.1 ሚሊኒውተን ያህል መሆኑ ነው። ይህ የ10 ሚሊግራም ክብደት ነው። አንድ ሺህ የጤፍ ፍሬ 0.3 ግራም ገደማ ይመዝናል ብንል፣ የዓለምን ጋዜጦች ያጥለቀለቀው ግፊት የሠላሳ የጤፍ ፍሬ ክብደት ያህል ነበር ማለት ነው።

መጠኑ ማነሱ በራሱ ውድቅ አያደርገውም። ችግሩ በዚህ መጠን ላይ ብዙ ሌሎች ነገሮችም ይገፋሉ። በአገራችን የምድር መግነጢሳዊ መስክ ወደ 35 ማይክሮ ቴስላ ይጠጋል። 2 አምፔር የሚያልፍበት 5 ሴንቲሜትር ሽቦ ከዚህ መስክ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ሲሠራ 3.5 ማይክሮ ኒውተን ግፊት ይደርስበታል። የሞቀ ብረት ሲለጠጥ የመሣሪያውን ማዕከለ ክብደት ጥቂት ያዛውራል፤ ስሱ ሚዛንም ይህን እንደ ግፊት ያነበዋል። በጀርመን የድሬስደን ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ በማርቲን ታይማር የሚመራው ቡድን የሠራው ሥራ ይህንን አንድ በአንድ ማጣራት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ባቀረቡት ጥናት፣ ወደ ጣሳው የሚገባው ኃይል ሆን ተብሎ እጅግ እንዲቀንስ ሲደረግ እንኳ «ግፊቱ» እንደነበረ መቆየቱን አሳዩ፤ ጥርጣሬያቸውም በኤሌክትሪክ ገመዶቹና በምድር መግነጢሳዊ መስክ ላይ አረፈ። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ ናሳ ያየውን ዓይነት ግፊት እነርሱም ካገኙ በኋላ የመሣሪያውን አሰቃቀል ቢለውጡት ግፊቱ ጠፋ። ምንጩ ሙቀት ነበር።

ከዚያ ወዲህም ተስፋው አልተቋረጠም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 ሌላ አጸፋ አልባ የተባለ መሣሪያ የያዘች ትንሽ ሳተላይት ወደ ምሕዋር ተልካ ነበር፤ ነገር ግን ሙከራው ሳይጀመር በየካቲት 2024 ግንኙነቷ ተቋረጠ። ያልተደረገ ሙከራ ለደጋፊም ለተቃዋሚም ምስክር ሊሆን አይችልም።

ከባጃጅ ፍጥነት በላይ የሚመጣው ጣጣ

አጸፋ አልባ መሣሪያና ያለ ነዳጅ የሚሠራ ጀነሬተር ሁለት የተለያዩ ምኞቶች ይመስላሉ። በእኛ እምነት ግን አንድ ናቸው። ይህን በቀላል ሒሳብ ማሳየት ይቻላል።

አንድ መሣሪያ ከባትሪ 100 ዋት እየወሰደ፣ ፍጥነቱ ምንም ይሁን ምን፣ ሁልጊዜ 10 ኒውተን ይገፋል እንበል። 10 ኒውተን የአንድ ኪሎ እህል ክብደት ያህል ነው። ኃይል በፍጥነት ሲባዛ በየሴኮንዱ የሚሠራውን ሥራ ይሰጠናል። መሣሪያው በሴኮንድ 10 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ሲሄድ የሚሠራው ሥራ ልክ 100 ዋት ይሆናል። ይህ ፍጥነት ባጃጅ በከተማ መንገድ የሚሄድበት ነው። ከዚያ ትንሽ ቢፈጥን ከሚወስደው በላይ ይሰጣል። በረጅም ክንድ ላይ አስረን በዙሪያ ብናስሮጠውና ዲናሞ ብናያይዝበት ባትሪውን ሞልቶ የተረፈውን ለመንደሩ ያበራል ማለት ነው። የባጃጅ ሞተር ይህን የማያደርገው ፍጥነቱ ሲጨምር በተሰጠው ነዳጅ የሚገፋበት ኃይል ስለሚቀንስ ነው።

ለኤም ድራይቭ ተብሎ የነበረው 1.2 ሚሊኒውተን በኪሎዋት በዚሁ ሒሳብ ሲሰላ ድንበሩ በሴኮንድ 833 ኪሎ ሜትር ላይ ይወድቃል። ብርሃንን ወደኋላ በመልቀቅ ብቻ የሚሄድ መንኮራኩር ግን ለ1 ኪሎዋት የሚያገኘው 3.3 ማይክሮ ኒውተን ነው፤ የእርሱም ድንበር ራሱ የብርሃን ፍጥነት ስለሆነ ሕጉ አይጣስም። ስለዚህ ያለ አጸፋ እገፋለሁ የሚል ሁሉ፣ ይወቀውም አይወቀውም፣ ከምንም ኢነርጂ አወጣለሁ እያለ ነው።

የዩኒቨርሲቲ ድርሻ

እንግዲህ ወደ ወጣቱ ጉዳይ እንምጣ። በአገራችን እንዲህ ያለ ሰው ሁለት ዓይነት አቀባበል ሊገጥመው ይችላል። አንዱ ፌዝ ነው፤ «ይህማ በኒውተን ተዘግቷል» ተብሎ ከበር ይመለሳል። በዚህ ጊዜ የሚማረው ሳይንስ የምሁራን ርስት መሆኑን ነው። ሁለተኛው ጭብጨባ ነው፤ በዐውደ ርእይ ላይ የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል፣ ዜና ይሠራለታል፣ የለካ ሰው ግን የለም። እኛ ሁለተኛውን የበለጠ እንፈራዋለን። ፌዝ አንድ ቀን ያሳፍራል፤ ባዶ ጭብጨባ ግን ሁለተኛውን በሬ ያሸጣል። ጎረቤትንም ገንዘብ እንዲያዋጣ ያደርጋል፤ ከዓመታት በኋላ የሚመጣውን ውድቀት ደግሞ ወጣቱ ብቻውን ይሸከመዋል።

የፓተንት ወረቀትም ከዚህ አያድንም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123 ፈጠራ አዲስና በኢንዱስትሪ ሊተገበር የሚችል እንዲሆን ይጠይቃል። ሆኖም የዲን ታሪክ እንዳሳየን ፓተንት የባለቤትነት ሰነድ እንጂ በላቦራቶሪ የተረጋገጠ ውጤት አይደለም። ሁለቱን ለይቶ ማስረዳት የእኛ ሥራ ነው።

የምናቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። የሳይንስ ፋኩልቲዎች በዓመት አንድ ቀን፣ ሁኔታው በፈቀደ ጊዜ፣ በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ በሚገኝ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አዳራሽ ለሁሉም ክፍት የሆነ የመመዘኛ ቀን ያዘጋጁ። ለዚህ ውድ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። 10 ኪሎ ግራም የሚመዝን መሣሪያ በ4 ሜትር ገመድ ቢንጠለጠልና 1 ኒውተን ብቻ ቢገፋ 4 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ጎን ይዘነበላል። ይህን በማስመሪያ መለካት የማይችል የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የለም።

ደንቦቹ ግን መጠበቅ አለባቸው። በመጀመሪያ ባለቤቱና መዛኙ ከሙከራው በፊት ምን ያህል መዘንበል እንደሚጠበቅ ተስማምተው ይጽፋሉ፤ ውጤት ከታየ በኋላ መለኪያ አይለወጥም። ባትሪው መሣሪያው ላይ ይጫናል፤ ከውጭ የሚመጣ ገመድ አይኖርም። በርና መስኮት ይዘጋል፤ ነፋስም ይገፋልና። ከዚያ መሣሪያው ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ ዞሮ በድጋሚ ይሞከራል፤ እውነተኛ ግፊት አብሮ ይዞራል፤ የነፋስና የገመድ ጠመዝማዛነት ግን አይዞርም። በመጨረሻም ያው ሞተር እየሠራ፣ ምሥጢራዊ የተባለው ክፍል ብቻ ተነቅሎ ይመዘናል። በቡሬ ገበያ በርበሬ የሚገዛ ነጋዴ ባዶውን ጆንያ ለብቻው እንደሚመዝነው ማለት ነው። የጆንያውን ክብደት ሳይቀንስ ዋጋ የሚከፍል ነጋዴ የለም፤ ሳይንስም ከዚህ የተለየ ጥበብ የለውም።

በዚህ መንገድ የሚፈተን ወጣት መሣሪያው ባይዘነበል እንኳ ባዶ እጁን አይመለስም። ስሕተቱ የት እንደነበረ በገዛ ዓይኑ ያያል። የብየዳና የሞተር ችሎታውም እውነተኛ ነው። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የቡሬ የተቀናጀ የግብርና ምርቶች ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክም ሆነ በየቀበሌው ያለው በቆሎ ፈልፋይ፣ ወፍጮና የውሃ ፓምፕ እንዲህ ያለ እጅ ይፈልጋሉ። የሰፌዱ ምሥጢር ራሱ ጥቅም አለው፤ ሚዛናቸው ያልተስተካከለ ክብደቶችን በማሽከርከር እህል የሚያበጥሩና የሚያጓጉዙ ንዝረተኛ ማሽኖች በፋብሪካዎች ይሠራሉ። ያልሆነው አጸፋ አልባ መሣሪያ ጥሩ የእህል ማበጠሪያ ሊሆን ይችላል።

ምሁራን ከዚህ በፊትም ተሳስተዋልና እነርሱ የሚሉትን ማን ይቀበላል የሚል ተቃውሞ መኖሩን አንዘነጋም። የሚጠቀሰውም የሮበርት ጎዳርድ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1920 ኒውዮርክ ታይምስ ሮኬት አየር በሌለበት ሊሠራ አይችልም ብሎ ተሳለቀበት፤ ሰዎች ወደ ጨረቃ በሚጓዙበት በሐምሌ 1969 ግን ጋዜጣው እርማት አወጣ። ታሪኩ እውነት ነው፤ ትምህርቱ ግን የተገላቢጦሽ ነው። በዚያ ክርክር የኒውተንን ሦስተኛ ሕግ በትክክል የተረዳው ጎዳርድ ነበር፤ ጋዜጣው የዘነጋው ሮኬት የራሱን ጋዝ እንደሚገፋ ነው። ጎዳርድ ደግሞ በቃል አልተከራከረም፤ አየር በወጣለት ዕቃ ውስጥ ሞክሮ፣ ለክቶ አሳየ። ተሳላቂን ዝም የሚያሰኘው ልኬት ነው።

የድሬስደኑ ቡድን ለዓመታት የደከመው በሕግ የተዘጋ ነው ሊባል በሚችል ጉዳይ ላይ ነበር። ልፋቱ ከንቱ አልነበረም፤ ሠላሳ የጤፍ ፍሬ የሚያህል ግፊትን ከሙቀትና ከመግነጢስ ለይቶ የሚለካ ሚዛን አፍርቷል። እኛም በአቅማችን ልክ ይህን ማድረግ እንችላለን። ገመድ፣ ማስመሪያ፣ የተዘጋ አዳራሽና አድልዎ የሌለው መዛኝ ካለ፣ በሬ ሽጦ የመጣ ቤተሰብ እውነቱን በአንድ ቀን ማወቅ ይችላል። ይህን አገልግሎት ልንሰጠው ይገባል።